ሙቀት ፍለጋ ብሄድ ለቅሶ ተከትሎኝ መጣ

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ... ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ ጣቶቼ የእኔ ይሁኑ የሰው ጠፋኝ። ቢሮ ገብቼም እጄን በሻይ ብርጭቆ ሳሞቅ ረፈደ። ያን ዕለት ቆረጥኩ። የዘንድሮን የዓመት ፈቃዴን ለአጎት ተዝካርም ለዘመድ ሠርግም አልሰጥም። ሙቀት ያለበት አገር ሄጄ እሞቅበታለሁ!

ግን የት? አዲስ አበባ አልኩና ተውኩት፤ ከብርድ ወደ ብርድ ምን አስሮጠኝ? ከደጀን ወርዶ ዓባይ በረሃ ሙቀት ሞልቷል፣ ግን እዚያ ማን ያድራል? መተማ ያለኝም አለ። እኔ መሞቅ እንጂ መጠበስ አልፈለግኩም። በመጨረሻ ባሕር ዳር ጸደቀች። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ሐይቅ አላት፣ ታናሽ ወንድሜ ደረጀም እዚያ ነው የሚኖረው። ስደውልለት «ነይ ባክሽ፣ እዚህ በካኒቴራ ነው የምንውለው» አለኝ።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ልሞቅ ነው።»

ትንሽ አየኝና ፈረመልኝ። ስወጣ ግን «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኛ አገር ሰው አውቶቡስ የሚሳፈረው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለጠበል፣ ቢበዛ ለፍርድ ቤት ነው። «እንዲያው ልሂድ» የሚባል መንገድ የለም። አከራዬ እትዬ አትጠገብም ማን እንደሞተ ጠየቁኝ። «እንዲያው ነው» ብላቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

አውቶቡሱ ደምበጫ ሲደርስ አንዲት እናት ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ገና ሳይደላደሉ...

«ማን ሞቶ ነው ልጄ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ።»

«ማን ታሞ?»

«ማንም። ወንድሜ ነይ፣ አየሩ ጥሩ ነው ብሎኝ ነው።»

እጄን ያዙኝ። «እኔን! አልነገሩሽም ማለት ነው...»

መርዶ መቼም ፊት ለፊት አይመጣም። «ትንሽ አሟት ነው፣ ብቅ በይ» ተብሎ ነው ሰው የሚጠራው። ደረጀስ ለምን እንዲያ ለመነኝ? እማዬ ይጁቤ ናት፣ ካየኋት ሰንብቻለሁ... እንጅባራ ላይ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ፣ ፍርሃቱም አብሮት። መውረድና መመለስ አማረኝ። ግን ልሞቅ ብዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ሳልሞቅ አልመለስም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ባሕር ዳር መናኸሪያ ደረጀ ቆሞ ሸንኮራ ይመጥጣል። ሐዘንተኛ ደግሞ ሸንኮራ አይመጥጥም። ዘልዬ አቀፍኩት፤ እሱ ናፍቄው መስሎት ደስ አለው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ... በሰንደል ጫማ ሐይቁ ዳር ዋልኩ። ሹራቤን አጣጥፌ ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። ጣቶቼ ተመለሱልኝ። ሰው ለካ እጁን ሳይጨብጥና ትከሻውን ሳይሰበስብም ይኖራል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደረጀ ጓሮ ልብስ ያሰጣል፣ እኔ በር ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ... ከመንገድ ወዲያ ጩኸት ሰማሁ።

«ልጄን! ወየው ልጄን! ደረጀዬን!»

እማዬ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ደረቷን እየመታች ትመጣለች፣ እትዬ አትጠገብ ደግፈዋታል። ለካ ልትጠይቀኝ ማርቆስ ብትመጣ «ባሕር ዳር ሄደች፣ እንዲያው ነው አለችኝ» ብለዋታል። ባሕር ዳር ያለው ደረጀ ነው። ለእሷ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ነገር የለም።

ጎረቤቱ በሙሉ ነጠላውን እየዘቀዘቀ ወጣ። ደረጀም እርጥብ ሱሪ እንደያዘ በካኒቴራ ብቅ አለ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«አለህ?» አለችው።

«አለሁ፣ እማ።»

ፊቱን ዳሰሰችው፣ ትከሻውን ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?!»

«ማንም...»

«ማንም ሳይሞት ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠሽ መጣሽ?!»

«ምነው ቀድመሽ ብትደውዪ፣ እማ?»

«በስልክማ ሁሉም ደህና ነው ይባላል!» አለች። ለቀስተኛው አስተዛዝኖ ተበተነ። እሷም ተቆጥታ በነጋታው በመጀመሪያው አውቶቡስ እንደምትመለስ ተናግራ ተኛች።

ጠዋት ስነሳ ግን እማዬ በር ላይ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ቁርጥማት የያዘውን ጉልበቷን አውጥታ እያሸች... ስታየኝ ተነሳች። ግድግዳ ሳትይዝ ነው የተነሳችው! ስንት ዓመቴ፣ እማዬ ግድግዳ ሳትይዝ ስትነሳ አይቼ አላውቅም። በዚያ ጉልበት ይሄን ሁሉ መንገድ ልጄ ሞተ ብላ መጣች፤ አንድም ቀን ግን ለጉልበቷ ብላ የትም ሄዳ አታውቅም። እኔም ይዤያት ሄጄ አላውቅም። እንባዬ መጣ።

«አውቶቡሱስ?» አልኳት።

«ሞልቷል አሉ» አለች። መናኸሪያ የሄደ ሰው የለም።

በማግሥቱም «ሞላ»። በሦስተኛው ቀን እትዬ አትጠገብ ብቻቸውን ተሳፍረው ሄዱ፣ መቀመጫ አላጡም። እኛ ፈቃዴ እስኪያልቅ ቆየን።

ከዚያ ወዲህ ውርጩ ሲጀምር እማዬ ጓዟን ጠቅልላ ከይጁቤ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ደጃፌ ላይ ቆማ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የምትጠይቀኝ።

«ማንም አልሞተም አይደል?»

«አልሞተም፣ እማ።»

«እንግዲያው ማንም ሳይሞት ቶሎ እንሂድ!»