ጋኑ የተከፈተበት ቀትር

አክስቴ ጠጅ ቤት፣ ከበሩ ትይዩ፣ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። የሚፈላ ጠጅ ነው፤ አረፋው መሐል የጌሾ ስንጥርና ሁለት የሞቱ ንቦች ይታያሉ። ከሥሩ ተቀምጦ ያልሰደበው ጠጪ ጥቂት ነው። ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርሁ። አንድ ቀን በእርዳታ ከመጡ መጻሕፍት መካከል ስለ ወይን ጠጅ አሠራር የተዘጋጀ የፎቶ መጽሐፍ አገኘሁ። የሚዋሰው ሰው አልነበረም። እኔ ግን የምሳ ሰዓቴን ሁሉ በእርሱ ጨረስሁ። ዘለላ የያዘ የሽማግሌ እጅ፣ በጭማቂ የጠቆረ ጥፍር፣ በርሜል ላይ ያረፈ ብርሃን። እድፉን አልደበቁትም፤ አክብረው አንሥተውታል። ገጹን በገለጥሁ ቁጥር ደስታዬን ንዴት ይቀድመው ነበር። አክስቴ ያን ሁሉ ዘመን ጠጅ ሲጥሉ ሰው ያየላቸው ብርሌውን ነው። እጃቸውን ያየ የለም።

ከአንድ መምህር አሮጌ ካሜራ ገዛሁ። ፍላሹን አልተጠቀምሁበትም፤ የጓዳውን ጭስ ያጠፋብኛል።

«ማንን ልታነሽ ነው? እኔን ነው ጋኑን?» አሉኝ አክስቴ።

«እጅዎን።»

«እጄ እኮ ሰም በሰም ነው።»

«እርሱን ነው የምፈልገው።»

ሣቁና ፈቀዱ። ለጥር ሰርግ የታዘዘ ጠጅ ነበር። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ላይ ሲደፋ አነሣሁ። ከእብናት የመጣውን ማር እስከ ክርናቸው ገብተው ሲበርዙት፣ ሰፈፉን በመዳፋቸው ሲገፉት አነሣሁ። እስከዚህ ድረስ የከፋው ሰው አልነበረም።

ጌሾ ከገባበት በኋላ ግን ጋን ለሰው አይከፈትም። ጠጁን ከጣለችው ሴት በቀር የሌላ ሰው ዓይን ካረፈበት ይኮመጥጣል ይባላል። ጠጇ የኮመጠጠባት ሴት ደግሞ ስሟም አብሮ ይኮመጥጣል፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ሁለተኛ የሚያዛት የለም። እኔ ደግሞ አረፋውን ካላነሣሁ ሥራዬ መሐሉ እንደተቀደደ መጽሐፍ ሊቀር ነው። ፈራ ተባ እያልሁ ጠየቅኋቸው።

አክስቴ ከጣታቸው ሰም ሲፍቁ ቆዩ። «ነገ ቀትር ላይ ነይ» አሉኝ በመጨረሻ። «ፀሐይ በጣራው ቀዳዳ የምትገባው ያን ጊዜ ነው።»

ስለ ብርሃን አንድም ቀን አልነገርኋቸውም። ለካ እኔ እርሳቸውን ሳይ እርሳቸውም እኔን ያዩኝ ነበር።

በማግስቱ የጋኑን አፍ ፈቱት። መዳፍ የምታህል ብርሃን አረፋው ላይ ወረደች። ካሜራዬን በተደፋ ሙቀጫ ላይ አሳርፌ አንድ አነሣሁ፤ አልጣመኝም። ሁለተኛውም አልጣመኝም።

«ቶሎ በይ፣ ብርድ ይገባዋል።»

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

ትንሹ በዛ። ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ያዋሰችንን ወንፊት ልትወስድ ዘው ያለችው።

«ኧረ በሥላሴ! ጋኑን ፎቶ አንሥተሽ መታወቂያ ልታወጭለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ዕድሜው ደርሷል» አሉ አክስቴ ቀና ሳይሉ።

ጎረቤታችን አልሣቀችም። ወንፊቷንም ሳትወስድ ወጣች። ወሬው ግን አብሯት ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጠጁን ያዘዙት የሙሽሪት አባት በራችን ላይ ዱላቸውን ተክለው ቆሙ።

«እናት ዓለም፣ ጠጄን ካሜራ አይቶታል አሉ።»

«አይቶታል» አሉ አክስቴ።

«እንግዲያው ለሌላ ሰው ይሁን። እኔ በዓይን የተበላ ጠጅ አቅርቤ ሰርጌን አላስነቅፍም።»

ይቅርታ ልል፣ ፊልሙንም መዝዤ ላቃጥለው አፌ ተከፍቶ ነበር። አክስቴ ቀደሙኝ።

«ለሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አጣራዋለሁ። ይምጡና ይቅመሱ። ከኮመጠጠ ጋኑን ደጅ አውጥቼ፣ ሰው እያየ እሰብረዋለሁ። ካልኮመጠጠ ፎቶው እዚህ ይሰቀላል፤ እርስዎም ከሥሩ ተቀምጠው ይጠጣሉ።»

ሰውየው ከሄዱ በኋላ የእውነት ፍርሃቴን ተናገርሁ። «አክስቴ፣ ብርድ ገብቶትስ እንደሆነ? ብዙ አስቆየሁት።»

«ገብቶት ከሆነ ያበላሸው ብርድ ነው፤ ዓይንሽ አይደለም። ይህን ለይተሽ ያዢ» አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው ጋኑን አለበሱት።

ፊልሙን ይዤ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ወረድሁ። ፊልም አጣቢው ፎቶውን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «እህቴ፣ ይሄኛው ቆሻሻ አለበት። ዳር ዳሩን ቆርጬ ላውጣልሽ?»

«እንዳትነካው። አስፍተህ አትምልኝ።»

በቀጠሮው ቀን የሙሽሪት አባት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። አክስቴ ጠጁን አጥርተው በብርሌ ቀዱላቸው። አሸተቱት፤ በብርሃን አዩት፤ ጠጡ። ደግመው ጠጡ።

«ለጋ ነው» አሉ የሙሽሪት አባት።

«ብርድ አዘግይቶታል። ሦስት ቀን አለው፣ ይጠነክራል» አሉ አክስቴ።

«ኮምጥጧል ወይስ አልኮመጠጠም?» አልሁ። በትልልቅ ሰዎች ጨዋታ መሐል ገብቼ አላውቅም ነበር።

ሰውየው ሽማግሌዎቹን አዩ። «አልኮመጠጠም።»

ፎቶው የተሰቀለበትን ሚስማር የመታሁት እኔ ነኝ። የሙሽሪት አባት ፎቶውን ቀና ብለው አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንቦቹ ግን... ለሰርጉ ሰሞን እንኳ እንግዳ ሲመጣ ወደ ግድግዳው ብታዞሩት?»

«አይዞርም፣ አያ» አልሁ። «ማሩን የሠሩት እነርሱ ናቸው። የተጸየፈ ፊቱን ያዙር።»

አክስቴ ብርሌያቸውን እንደገና ሞሉላቸው፤ በእጃቸውም ከፎቶው ሥር ያለውን መደብ አሳዩአቸው። ሰውየው ጥቂት ቆመው ሄደው ተቀመጡ።

ጎረቤታችን ወንፊቷን ልትወስድ የተመለሰችው ይኸን ጊዜ ነው። ፎቶውን አየች፤ ከሥሩ የተቀመጡትንም አየች።

«መታወቂያው ወጣለት?» አለች።

«ወጣለት» አሉ አክስቴ። «አንችም ከፈለግሽ ወረፋ ያዢ።»