ስድቤን ሰቅዬ ሸጥኩት

ከሚሴ፣ መኪና መንገዱ ዳር ሸበጥ መሸጥ የጀመርኩት አባቴ በሞተ ዓመት ነው። የሰንበቴ ገበያ ቀን ሲደርስ ዕቃዬን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ብቻዬን እሄዳለሁ። ይህ ለአጎቴ አልተዋጠላቸውም።

"ያላገባች ልጅ ከገበያ ገበያ! ሰው ዟሪ ይልሻል" ይሉኝ ነበር። ከእናቴና ከእሳቸው በቀር ግን ሰው አልነበረኝም።

በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር ጃፓናዊት ነበረች። አንድ ቀን ማሰሪያው የተበጠሰ ጫማ ይዛ መጣች። እንደ እኛ ሸበጥ በጣት መሃል የሚያዝ ነው፤ መርገጫው ግን ከሣር የተጎነጎነ። ሰፍቼ ስሰጣት ስሙን ጠየቅኳት።

"ዞሪ" አለች።

"ማን? እኔ?" ደሜ ፈላ።

ደነገጠች። ጫማውን አንስታ በጣቷ እየመታች "ይሄ! ይሄ ዞሪ። በእኛ አገር" አለች፣ በምትችላት አማርኛ። ሲገባኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ።

ሰንበቴ ላይ አፋር ሴቶች ከሚያመጡት ሰሌን ገዛሁ። ከጎማ በተቆረጠ ሶል ላይ ሰፋሁት፤ ቀይ ጨርቅ ማሰሪያ አደረግኩለት። ካርቶን ላይ በትልቁ "ዞሪ" ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ።

አጎቴ ከጁምዓ ሲመለሱ አዩት።

"አስተግፊሩላህ! ስድብሽን ሰቅለሽ ትነግጃለሽ? አውርጂው!"

"አላወርድም፣ አጎቴ። ሥራዬ ሐላል ነው።"

"ቤተሰቡን አዋረድሽው!"

"ቤተሰቡ የሚበላው ከዚሁ ነው።"

ሰው ከበበን። ካርቶኑን ሊቀድዱ እጃቸውን ሲዘረጉ እናቴ ከአጠገቤ ተነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ በእሳቸው ፊት ቀና ብላ አታውቅም። የላስቲክ ጫማዋን አወለቀች፣ አንዱን ዞሪ ተጫማች፣ "ጃባዱ፣ በርቺ ልጄ" አለችኝና በመሃላችን ቆመች። አጎቴ እጃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ለዓረፋ ቤታችን አልመጡም። እኔም አልለመንኳቸውም።

ሁሉም ነገር ግን አልቀናኝም። ክረምት ሲገባ ሰሌኑ እየረጠበ ተፈታ፤ ደንበኞች መልሰው አመጡልኝ፣ አንዳንዶቹም ሳቁብኝ። ጠርዙን በቆዳ ከፍፌ እንደገና ሰፋሁ። እሱ ጸና። በጋውን ጨፋ ሮቢት ገበያም ቦታ ያዝኩ፤ እናቴም የጫማውን ጆንያ በአንድ ጫፍ ይዛ አብራኝ መሳፈር ጀመረች።