የእትዬ ብልቃጥ ሐሙሶች

እትዬ ብልቃጥን የማያውቅ ሰው ያን ትምህርት ቤት አውቀዋለሁ አይበል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ባዶ ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የተጣለ ክዳን ካየች አታልፍም። "ይኼ እኮ ሳንባ ይሆናል" ትላለች አንዱን ፕላስቲክ አንስታ፤ "ይኼ ደግሞ የዝናብ መለኪያ።" እውነትም ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይንስ ያስተማረችው እንዲህ ከመንገድ በለቃቀመችው ዕቃ ነው። ቦርሳዋን ከፍቶ ያየ ሰው የመምህርት ነው ብሎ አይገምትም፣ የቆራሌ ነው እንጂ።

ሐሙስ ሐሙስ ተማሪው ከወጣ በኋላ መምህራኑ በእሷ ክፍል ይሰበሰባሉ። ነገሩን የጀመረችውም እሷ ናት። አንዱ ያገኘውን የማስተማሪያ ዘዴ ለሌላው ያካፍላል፤ ደንቡም አንድ ብቻ ነው፦ በእጅ ያልተሠራ በአፍ አይነገርም። የሒሳቧ መምህርት በስትሮና በክር ኪዩብ ስታሠራ ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው ስትሮ ይቆርጣሉ። የኮምፒውተሩ መምህርም ተማሪዎች ንባባቸውን በስልክ ቀድተው ስሕተታቸውን ራሳቸው እንዲያርሙ ያሳያቸው እዚያው ነው። ይኼ ወጣት ሁልጊዜ አንገቱ ላይ የኮምፒውተር ገመድ ጠምጥሞ ስለሚዞር "ገመዱ" ይሉታል። ሻይ እየተጠጣ ይቀደዳል፣ ይለጠፋል፣ ይሳቃል።

ታዲያ የዚህች ሴት ዓይን መደብዘዝ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ጉም መስሏት ነበር። ጠዋት ስትወጣ መንገዱ ነጭ፣ ሰዉ ነጭ፣ ሰማዩና ጣሪያው ተቀላቅሎ ሲታያት "ዛሬስ ጉሙ አልነሳ አለ" ብላ ትሄዳለች። ጉሙ በጋውንም ሙሉ አልነሳም። ቀስ በቀስ ለመደችው፤ እውነቱን ልንገራችሁና ወደደችውም። አምፖል ሁሉ ዙሪያውን የብርሃን ቀለበት አበጀ። የልጆቹ ፊት ጠፍቶ ድምፃቸው ቀረ፤ ኮሪደሩ ላይ ሲሮጡ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ይመስሏታል። አንዳንዴ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነቅታ ይሁን እያለመች ሳትለይ ደወሉ ይደወላል።

ሐኪም ጋ መሄድ? እሱን አታንሱባት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጆሯቸው የደከመባቸው የታሪክ መምህር "ለክብራቸው ሲባል" ተብለው ከክፍል ወጡና ንብረት ክፍል ጠመኔ ሲያድሉ ቆይተው በዚያው ጡረታ ወጡ። አይታቸዋለች። ልጆቹ በበሩ ሲያልፉ ሽማግሌው አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ ያዩዋቸው ነበር። "እኔንማ ከልጆቹ ከነጠሉኝ አለቀልኝ" አለች ለራሷ። ስለዚህ ደበቀች።

አደባበቋን ብታዩ! ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ሲያቅታት "ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳው የተማሪ ነው" አለች። ደብተር ማረም ሲያቅታት ደግሞ ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው፣ መልሱን ጮክ ብለው እያነበቡ እንዲከራከሩበት አደረገች። ይኼን ሁሉ ሐሙስ ላይ እንደ አዲስ ዘዴ አቀረበችው። ጉድ እኮ ነው፣ ተጨበጨበላት! ዳይሬክተሩ "ተማሪው ራሱ ይሥራ ማለት ይኼ ነው" ብለው ሌሎቹም ክፍሎች እንዲከተሉት አዘዙ። እሷ በሆዷ "ዕውርነቴ አሸለመኝ" ብላ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን አለቀሰች።

አንድ ሐሙስ ገመዱ ፕሮጀክተር ይዞ መጣና የዓይንን አሠራር የሚያሳይ ፊልም ከፈተ። ሁሉም ወደዱት። እትዬ ብልቃጥ ቅናት ቢጤ ያዛት። "ፊልምማ ማንም ያያል፤ እኔ ዓይን ውስጥ ነው የማስገባችሁ!" አለች።

በሳምንቱ መስኮቶቹን ሁሉ በካርቶንና በጥቁር ጨርቅ ደፈነች። አንዱ ካርቶን ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ በሳች፣ ፊት ለፊቱ ነጭ አንሶላ ሰቀለች። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን የውጪውን መንገድ እንዳለ አምጥቶ አንሶላው ላይ ይጥለዋል፤ ያውም ገልብጦ። የዓይናችንም ሥራ ይኸው ነው። በየዓመቱ ለልጆቹ ታሳያቸዋለች።

በሩ ተዘጋ። የመምህራኑ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ "ኧረ! ኧረ መኪናውን እዩት!" አለች የሒሳቧ መምህርት። አስፋልቱ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች ነው። ሰዎች በጭንቅላታቸው እየተንሳፈፉ ያልፋሉ። አንድ ብስክሌት ያለ ኮሽታ በአንሶላው ጫፍ ተንሸራቶ ጠፋ። እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ለእትዬ ብልቃጥ ግን ጨለማ ብቻ ነበር። አምና ትንሽ ጥላ ይታያት ነበር፤ ዘንድሮ እሱም የለ። ቢሆንም ይኼን ሁሉ ዓመት ያየችው ነገር በቃሏ አለ፤ በዚያ ተረት በሚመስል ድምፅዋ ጀመረች።

"አያችሁ፣ መንገዱ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች። እዚህ ጥግ ደግሞ ትልቁ ዛፍ፣ ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች። ቅጠሉ ሲወዛወዝ አያችሁት? ነፋሱን እንኳ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።"

አንሶላው ላይ ግን ዛፍ የለም። ዛፉ ከተቆረጠ አራት ቀን ሆኖታል። እሁድ፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ በሆነበት ቀን፣ መንገዱን ሊያሰፉ የመጡ ሰዎች ቆርጠው በመኪና ጭነውት ሄደዋል። እሷ ሰኞም ማክሰኞም በማዶው በኩል ስታልፍ አልተለያትም።

"አዎ" አለ ገመዱ ከጨለማው ውስጥ። "ይወዛወዛል።" ሌላው ግራ ተጋባ፤ እሷ እንደ ልማዷ የምትቀልድ የመሰለውም ነበር።

ሁሉም ሲወጡ ገመዱ ካርቶን ላግዝ ብሎ ቀረ። "እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዛፉ እሁድ ተቆርጧል።"

እጇ ካርቶኑ ላይ ቀረ። "ታዲያ አንተ ለምን ይወዛወዛል አልክ?"

"ምን ልበል? እርስዎ ሲናገሩት እኔም ያየሁት መሰለኝ።"

"ለማንም እንዳትናገር፤ በእናትህ! ንብረት ክፍል ነው የሚከቱኝ።"

"አልናገርም። ግን…" ገመዱን ከአንገቱ ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው። "ባለፈው ረቡዕ በመስኮቱ ሳልፍ የአልኮል መብራቱን ለኩሰው ነበር። የአንዷ ልጅ እጅጌ እሳቱን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ልጅቷ ራሷ ደንግጣ ሰበሰበችው። እርስዎ እየሳቁ ማስተማርዎን ቀጠሉ።"

"ውይ በሞትኩት!" አለችና ወንበር በዳሰሳ ፈልጋ ተቀመጠች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ግን የሰው ልጅ ልታቃጥል ነበር። ስለ ንብረት ክፍሉ ያሰበችው ሁሉ አሳፈራት። በነጋታው ገመዱ እጇን ይዞ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። የዓይን ሞራ ነው አላት ሐኪሙ፤ ይነሳል፣ ነገር ግን ስለቆየ ሙሉ በሙሉ ይበራልሻል ብዬ አልምልልሽም።

በሚቀጥለው ሐሙስ መምህራኑ ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ አሥር መነጽር ተደርድሮ ጠበቃቸው። ፍሬሙ ካርቶን፣ መስታወቱ ከውሃ ጠርሙስ የተቆረጠ ፕላስቲክ፣ በላዩ ቫዝሊን የተቀባበት። "ዛሬ ወሬ የለም፤ አድርጉና ሻያችሁን ቅዱ" አለች።

አደረጉ። ሻዩ ከብርጭቆው ውጪ ተቀዳ። "ኧረ ወንበሬን ማን ወሰደው?" አለ አንዱ። ዳይሬክተሩ ከመደርደሪያው ጋር ተላትመው "ይቅርታ ወይዘሮ" ብለውት አለፉ፤ ሳቁ ጣሪያ ነካ። የሒሳቧ መምህርት በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች "እንዴት ደስ ይላል፣ ሁሉም ነገር ሕልም ሆነ እኮ! ለመሆኑ የምን ትምህርት ነው ይኼ?" ብላ ጠየቀች።

"የኔ ዓይን ነው" አለች እትዬ ብልቃጥ።

ሳቁ እዚያው ቆመ። አንድ በአንድ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች የሒሳቧ መምህርት። "እኔ ጓደኛሽ እያለሁ?"

"ሁለት ዓመት ሆነኝ። የአንቺም ፊት ከጠፋብኝ ቆየ እኮ፣ እህቴ። ድምፅሽ ነው የቀረኝ።"

ከዚያ ስለ እሳቱና ስለ ልጅቷ እጅጌ፣ ስለ ሰሌዳውም ስለ ደብተሩም ዘዴ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ "ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። ይብራልኝ አይብራልኝ አላውቅም። ሐኪሙ አልማለልኝም። ክፍሌን ለሌላ ሰው ስጡት የምትሉም ከሆነ ሐቅ ነው፣ አልቀየምም። ግን እስክመለስ ብትጠብቁኝ… ልጆቼን ማን ይይዝልኛል?"

መልስ የለም። አንድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፣ ከዚያ እሱም ዝም አለ። ፊቷ ያለው ነጭ ጉም ብቻ ነው። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፤ አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። እንግዲህ ይኼው ነው አለች በልቧ፤ እንባዋ መጣ።

"ግድ የለም" አለች፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አቃንታ። "ሁላችሁም የየራሳችሁ ክፍል አላችሁ፤ ይገባኛል።"

"እትዬ!" አለ ገመዱ ደንግጦ። "ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ነው ያለነው እኮ!"

መሐረቧን ፈልጋ አጣችው፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ዳይሬክተሩም?"

"እሳቸው ሁለቱንም ነው ያወጡት።"