በረዶ ልናይ ሄደን ለቅሶ ተቀመጥን

መነሻ፦ ጀርሚስተን

ከጀርሚስተን የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ አስቴርና ልጃችን ፌቨን። ወዴት? በረዶ ላይ ልንንሸራተት! አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ጻካኔ በተባለ የጆበርግ ዳርቻ ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን የመንደር ሱቅ የሚነግድ፣ ለገናም ለፋሲካም በሩን ዘግቶ የማያውቅ የሆሳዕና ሰው፣ ሱቁን ቆልፎ ቤተሰቡን ይዞ ለአንድ ሳምንት ስኪ ሄደ። የሰማ ሁሉ "ውይ፣ ማን ሞተባችሁ?" ነው ያለን። እኛ ዘንድ ሱቅ በሥራ ቀን የሚዘጋው ሰው ሲሞት ብቻ ነዋ።

ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ ሁለተኛ ክረምት ማብቂያ ነበር። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መሄድ እንደገና ተፈቅዷል፤ ማስክ ግን ገና ከፊታችን አልወረደም። እቅዱ በሙሉ የፌቨን ነው። ልጄ እዚሁ ጆበርግ ያደገች፣ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲዋን ከመኝታ ቤቷ በላፕቶፕ የምትማር ናት። አንድ ቀን እራት ላይ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

"አባዬ፣ እይ፣ ስኖው! እዚሁ ሳውዝ አፍሪካ። ቦርደር የለ፣ ፓስፖርት የለ።"

ሌሶቶም በረዶ አለ። ግን በያዝነው የስደተኛ ወረቀት ድንበር አይታለፍም፤ ይህን ማንም ሳይነግራት ነው ያወቀችው።

"በረዶ ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ? ፍሪጄን ከፍቼ አላይም?" አልኳት።

እናቷ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለአንተ አይደለም። ለእማዬ ነው። አንዴ ስትስቅ ማየት ፈልጌ ነው። ፕሊስ።"

ምን እላለሁ? የአስቴር ታናሽ ወንድም ማርቆስ የሞተው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ክረምት ነው። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር። እኛንም በሽታው ይዞን ቤት ስለተዘጋብን፣ አስቴር የወንድሟን ቀብር ያየችው በስልክ ነው። ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች አወረዱት፣ አፈር መለሱ፣ አለቀ። ደግ ጊዜ ቢሆን አስከሬኑ አገር ቤት ይላካል፤ ቤታችንም በለቀስተኛ ይሞላል። ያኔ ግን መሰብሰብ ክልክል ሆነና ሰው ሁሉ ደውሎ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እያለ ዘጋ። እሷም "አሜን" እያለች ዘጋች። እንባ ጠብ አላለላትም።

ከዚያ ወዲህ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጣ ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ ማለት ነው፣ መሸጥ ብቻ ሆነ ሥራዋ። የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ያለ እሷ አይደምቅም ነበር፤ ዜማ ከአፏ ጠፋ። የማርቆስን ወፍራም ሰማያዊ ካፖርት በሱቁ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ማንም አይነካውም። የሞተብኝ አማቼ ነው፤ አጠገቤ እየሞተች ያለችው ግን ሚስቴ ናት። ስለዚህ እሺ አልኩ።

በመነሻችን ጠዋት ሱቁን ልንቆልፍ ጻካኔ ጎራ አልን፤ ፌቨን "የሞቀ ልብስ ያዙ" ብላ ስትጮህ፣ አስቴር ያንን ካፖርት ክንዷ ላይ ጥላ ከሱቁ ወጣች። አተኩረን ስናያት ጊዜ "ብርድ ነው ብላችሁ የለ?" አለችና ባኪ በምንላት ፒክአፓችን ውስጥ ገባች።

መንገዱ

ኤን ዋን የተባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ፍሪ ስቴት ማለት ሜዳ ነው። በቆሎው ታጭዷል፣ ሣሩ በውርጭ ቢጫ ሆኗል፣ አልፎ አልፎ የእህል ጎተራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ስንቃችን የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ ቆሎና የተጠበሰ ዶሮ ነበር። ነዳጅ ስንቀዳ ደግሞ አንዲት እናት ከምጣዱ የወጣ ፌትኩክ በአምስት ራንድ ሸጡልን፤ ከውስጡ ሥጋ ያለው፣ አፍ የሚያቃጥል ብስኩት ነው። በዚያ ብርድ የሚጣፍጠውን አልነግራችሁም።

ፌቨን መንገዱን በስልኳ ለክታው ነበር። የረሳችው አባቷን ነው። የአገሬን ልጅ ሱቅ አይቼ ሳልገባ ማለፍ አልችልም፤ ነውር ነው! ክሮንስታድ ገባን፣ ዊንበርግ ገባን፣ ስሚዝፊልድ ገባን። በየሱቁ ኮካ ይከፈትልናል፣ ብስኩት ያስታቅፉናል። ታዲያ በየሱቁ አስቴርን ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው "የማርቆስን ሰምተን... እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይላሉ። "አሜን" ትልና ወደ መኪናው ትመለሳለች።

"አባዬ፣ ሲሪየስሊ! ይሄ ሆሊደይ ነው ወይስ ደሊቨሪ?" አለች ፌቨን።

ሌላም ጥል ነበረን። እሷ ተራራው ላይ፣ ከመንሸራተቻው አጠገብ ክፍል ይዛለች። እኔ ደግሞ "የመጀመሪያውን ሌሊት ባርክሊ ኢስት ታምራት ዘንድ ነው የምናድረው" ብዬ ድርቅ አልኩ። ታምራት ከማርቆስ ጋር እዚህ አገር የገባ ሰው ነው፤ ጆበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ አብረው ኖረዋል። በደጁ አልፌ ሎጅ ገባሁ ብዬ ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ባርክሊ ኢስት

አሊዋል ኖርዝ ላይ ኦሬንጅ ወንዝን ከተሻገርን በኋላ ሜዳው አልቆ ተራራው ጀመረ። ሌዲ ግሬይን ስናልፍ ፌቨን "ስኖው!" ብላ ጮኸች። እውነትም ጫፉ ነጭ ነው። አስቴርን በመስታወት አየኋት። "ነጭ ነው" አለች። ልጄ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ።

ባርክሊ ኢስት ስንደርስ ገና ፀሐይ አለ፤ የታምራት ሱቅ ግን ተዘግቷል። ደነገጥኩ። የእኛ ሰው በቀን ሱቅ የሚዘጋው ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

በጎን በር ስንገባ መደርደሪያዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፣ መሬቱ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፣ የጋዝ ማሞቂያ እየነደደ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ከስቴርክስፕሬት፣ ከኤሊየት፣ ከሌዲ ግሬይ የመጡ የአገራችን ልጆች ማስካቸውን አድርገው፣ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። እኔ ለታምራት በስልክ "በረዶ ልናይ እየመጣን ነው" ነበር ያልኩት። እሱ ደግሞ አስቴር ከማርቆስ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እየመጣች እንደሆነ ነው ያሰበው። ልክ ነበረ።

ታምራት ተነሣ። አስቴርን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ክንዷ ላይ ያለውን ካፖርት አየና ባለበት ቆመ።

"ይቺ ካፖርት..." አለ። "አስቴርዬ፣ ይቺን ካፖርት እኮ እኔና እሱ በተራ ነበር የምንለብሳት። ቤሪያ የመጀመሪያው ብርድ ጊዜ ሌላ አልነበረንም። እሱ ለብሶ ሲወጣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ እኔ ለብሼ ስወጣ እሱ..." ግዙፉ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ያኔ አስቴር ጮኸች። "ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን! አፈር እንኳን ሳላለብሰው!" ሴቶቹ ደግፈው ፍራሹ ላይ አስቀመጧት። ያ ሁሉ ወር የታመቀ እንባ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ልሁን?

ፌቨን እጄን ጎተተችኝ። "አባዬ፣ ነገ ካልደረስን ክፍላችንን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ቲኬቱም..." አለችኝ።

ታምራት ሰማት። "ልጄ፣ በረዶው የት ይሄዳል?" አላት። "የዘገየው ለቅሶው ነው።"

ፌቨን ተናዳ ወጥታ ባኪው ውስጥ ተቀመጠች። ቆይቼ ልጠራት ስሄድ መኪናው ባዶ ነው። ስመለስ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ አገኘኋት።

ሁለት ቀን ተቀመጥን። ተጸለየ፣ ተዘመረ፣ ስለ ማርቆስ ተወራ። ማርቆስ ዙሉ ሳይችል "ሳውቦና፣ ሳውቦና" በሚለው ሰላምታ ብቻ ደንበኛን ሁሉ እንዴት ያደርቅ እንደነበር ታምራት ሲያስመስል ቤቱ በሳቅ ሞላ። አስቴር ግን እንባዋን እየጠረገች ታዳምጥ ነበር እንጂ አልሳቀችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ፊቷን ታጥባ፣ ጫማዋን አስራ በሩ ላይ ቆመች።

"በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው የምትወስዱኝ?" አለችን።

ተራራው

ከሮድስ መንደር በላይ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ገደሉን ላለማየት ዓይኔን ከፊቴ ያለው የጎማ ዱካ ላይ ተክዬ ነዳሁ። እላይ ስንደርስ ክፍላችን ለሌላ ተሰጥቷል፤ ትንሽ ሌላ አገኙልን፣ ሦስታችንም አንድ ላይ ተጨናንቀን አደርን። ተመስገን ነው።

ስለ ስኪ ልንገራችሁ። የሚያለብሱህ ጫማ እግር አያዞርም፤ ከሥሩ ሁለት ረጃጅም ጣውላ ይታሰርበታል፤ ከዚያ "ዘና በል" ይሉሃል። "ከአገሩ የወጣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ" የተባለው ለእኔ ነው! ቆምኩ፣ ወደቅኩ፤ ተነሣሁ፣ ወደቅኩ። አስተማሪዋ "ሃይቦ፣ ማሉሜ! ጉልበትህን እጠፍ!" ትለኛለች፤ አጎቴ ሆይ ማለቷ ነው። ጉልበቴማ ከታጠፈ ቆይቷል፣ ማን ዘርግቶት!

አስቴር ጣውላውን እምቢ አለች። የልጆቹን የላስቲክ መንሸራተቻ ጎትታ ዳገቱን ወጣች፤ የማርቆስን ካፖርት ለብሳለች፣ እጅጌው እስከ ጣቶቿ ይደርሳል። ተቀመጠችበት። ፌቨን "እማዬ ቆይ!" ስትል፣ ሄደች።

ስትጮህ ተራራው አስተጋባ። ካፖርቱ እየተርገበገበ ወረደች፣ ተገለበጠች፣ ተንከባለለች፣ ከታች ፊቷን በረዶው ውስጥ ደፍታ ቀረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "በቃ፣ እንደገና ማልቀስ ጀመረች" ብዬ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። ገልበጥ ሳደርጋት ለካ እየሳቀች ነው! ትንፋሽ እስኪያጥራት ነው የምትስቀው።

"ማርቆስ... ማርቆስ ቢያየኝ ኖሮ!" አለች።

ፌቨን ልትቀርጻት ስልኳን ወደ እናቷ ደቅና ነበር። አወረደችውና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

መልስ

ስንመለስ ባርክሊ ኢስት ለመሰናበት ወረድን። በረዷማ ንፋስ ከተማዋን ይገርፋታል፤ ታምራት ግን በስስ ሹራብ በሩ ላይ ቆሟል። አስቴር ካፖርቱን አወለቀች፣ አቧራውን በእጇ መታ መታ አደረገችና ትከሻው ላይ ጣለችለት።

"አሁን ተራው የአንተ ነው" አለችው።

ጀርሚስተን በሰላም ገባን። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። እኔና ልጄ አስቴር ደስታ የጎደላት መስሎን ደስታ ልንገዛላት ወጣን፤ የጎደላት ግን አብሯት የሚያለቅስ ሰው ነበር። እሱ ሲገኝ ሳቁ ተከትሎ መጣ።

ዛሬ ከሱቁ በር ጀርባ ያለው ሚስማር ባዶ ነው። አስቴር ዳቦ እየሸጠች ታንጎራጉራለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ መሃረቧን ታስርና "ዝጋው፣ እንሂድ" ትለኛለች። በወረርሽኙ ጊዜ በስልክ ብቻ ያጽናናናቸው ብዙ ሰዎች አሉና።

በሩን ስቆልፍ ጎረቤቶቼ ይደነግጣሉ። "ውይ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" ይሉኛል።

"የአምናው" እላለሁ።