የጠፋው የክርስትና ስሜ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ጉንፋን ይዟት ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ አጠንኳት። «እማዬ፣ ፊቴን ልትቀቅይው ነው እንዴ?» አለችኝ ከጋቢው ውስጥ። ድስቱን ገፋ አደረግኩት። አሁንም እንዲህ ነኝ፤ ሙቀቱን በእጄ ሦስት ጊዜ ሳልለካ አላስጠጋትም። ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የወጣሁበት ቀን መጣብኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሷ የስምንት ወር ልጅ። በዋዜማው ዳይፐር ላመጣ ዘወር ስል ከአልጋ ወደቀች። ድው ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ክሊኒክ ወስጄያት «ደህና ናት» አሉኝ። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ላነሳት ፈራሁ። ካራ ሰፈር ላሉት አማቴ ደውዬ «እርስዎ ያሳድጉልኝ» አልኳቸው። ከእኔ ይሻሏታል ብዬ ቆርጬ ነበር። እሳቸው ጋ ከማድረሴ በፊት ጸሎት ይደረግላት ብዬ አዝያት ወጣሁ።

ዝናቡ አባርቶ ዛፎቹ ያንጠባጥቡ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት መነኩሲት ደብተር ይዘው፣ ካህናቱ በጸሎት የሚጠሩትን የክርስትና ስም ይጽፋሉ። የልጄን ነገርኳቸው፤ የባሌን፣ የእናቴን፣ የአማቴን። የአከራያችንን እንኳን አልረሳሁም።

«ያንቺስ?» አሉኝ።

«የኔ ይቅር፣ እማሆይ።»

«እናቷን ዘልዬ አከራይ ልጻፍ?»

አፌን ከፈትኩ። ስሙ የለም። ወለተ ሥላሴ እህቴ ናት፤ እኔስ? የአምስት ሰው ስም በቃሌ የያዝኩ ሴት የራሴን አጥቼ ደንግጬ ቆምኩ።

ለእናቴ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማነው?»

«ምን ሆነሽ ነው? ልጅቷ ደህና ናት?»

«ወደቀችብኝ» አልኩና አለቀስኩ።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ።

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

«አጸደ ማርያም ነሽ። ክርስትና ስትነሺ ቄሱ ላይ የሸናሽው አጸደ ማርያም። ይሄ ይጠፋል?»

እናቴ አሁን የለችም። ያን ስም በእሷ ድምፅ የሰማሁት ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

መነኩሲቷ የእናቴን ድምፅ ከስልኩ ሰምተው ሳቁ። «በይ፣ እኔ ሳልጽፋት አንቺ ጥሪያት» አሉኝ።

«እመቤቴ፣ ለአጸደ ማርያም ራሪላት» አልኩ። እንደ ሌላ ሰው ስም ነበር የጠራሁት። ያን ጊዜ አጸደ ማርያምን አየኋት። ገና ልጅ ናት፣ ርቧታል፣ ልጇን ስለምትሳሳላት እጇ ይንቀጠቀጣል። አሳዘነችኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ምን እላት ነበር? «አይዞሽ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ። እንዲያ ባለ ቀን ደስታ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ሲመጣ እሱም አስደነገጠኝ። እማሆይ ቁራሽ ዳቦ ሰጡኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በላሁና ልጄን ከጀርባዬ ፈትቼ አቀፍኳት። እጄ ጸጥ አለ።

አማቴ ደወሉ። «ምነው ቆያችሁ? መኝታዋን አንጥፌ እየጠበቅኩ ነው።»

«እያጠባኋት ነው» አልኳቸው። መቼ እንደማመጣት አልነገርኳቸውም።