በወንጭፍ የተጠና መንጃ ፈቃድ

ቆቦ ላይ እንደኔ ያጠና ሰው የለም። ጉራ ስለምወድ ብቻ አይደለም ይሄን የምለው፤ ከግራ ቅንድቤ በላይ ያለው ጠባሳ ምስክሬ ነው።

አጎቴ ባጃጅ ገዛና «የጽሑፍ ፈተናውን አልፈህ መንጃ ፈቃድ ካወጣህ ቁልፉ ያንተ ነው። ከወደቅክ ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ» አለኝ። እኔ መሪ ስይዝ አንበሳ ነኝ፤ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ነው የሚያመኝ። ከትምህርት ቤትም በጊዜ ነው የተለያየነው። ለፈተናው ጋደም ብዬ የመንገድ ሕጉን መጽሐፍ ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር የማነበው። ስነቃ መጽሐፉ ምራቄን ይዟል፣ እኔ ግን ከሱ ምንም አልያዝኩም። ወደቅኩ።

«አንድ ዕድል ጨመርኩልህ፤ ከዚያ በኋላ አልሰማህም» አለ አጎቴ።

ወቅቱ ማሽላ ያፈራበት ነው። እናቴ ወፍ ጠብቅ ብላ ማሳው መሃል ያለው ማማ ላይ ሰቀለችኝ። ያክስቴ ልጅም ከጎናችን ባለው በነሱ ማሳ፣ እንደኔው ማማ ላይ ሆኖ ወንጭፉን እያጮኸ ግሪሳ ያባርራል። እሱ ከኔ ይሻላል፣ ማንበብ አይሰለቸውም። መጽሐፉን ሰጠሁትና ዘዴውን እኔው ፈጠርኩ፦ እሱ ከማማው ጥያቄ ይጮህልኛል፣ እኔ ሳላይ እመልሳለሁ። ከሳትኩ በወንጭፍ ይለቅብኛል። የደረቀ ጭቃ ብቻ፣ ድንጋይ ክልክል።

«ቀይ ክብ ምልክት ምንድነው?»

«ማስጠንቀቂያ!»

ዷ! ትከሻዬ ላይ።

«ክልክል ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ማስጠንቀቂያው ሦስት ማዕዘኑ ነው!»

ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ቀይ ክብ ሳይ ትከሻዬ ራሱ ነው የሚመልሰው። የሳትኩትን ደግሞ አይረሳም፤ በማግስቱ ከሁሉ አስቀድሞ እሱኑ ይጠይቀኛል። ጎኔ እየጠቆረ ጭንቅላቴ እየበራ ሄደ።

አንዷ ጥያቄ ግን አልገባም አለችኝ።

«አደባባይ ላይ ቅድሚያ ለማን ነው?»

«ለትልቁ መኪና!»

ዷ! «ቀድሞ አደባባዩ ውስጥ ለገባው!»

በማግስቱም «ለትልቁ!» አልኩት። ዋናው መንገድ ላይ ሲኖትራክ ሲመጣበት ማን ነው መጽሐፍ የሚገልጥ?

አንድ ቀን ንዴቱ ወጣ፣ ጭቃውም አልቆበት ነበር። እያፏጨ የመጣው ነገር የጭቃ ድምፅ አልነበረውም። ቅንድቤ ላይ ሲያርፍ ሰማይና ማሽላው ተቀላቀለብኝ። ደሙ ዓይኔ ገባ። ዱላዬን ይዤ ከማማው ዘለልኩ፣ እሱም ዱላውን ይዞ ወረደ። ማሽላውን እየደረመስን ተጋጠምን። ክርኑን በዱላ ስለው ጮኸ፤ ጉልበቴን ሲለኝ ተንበረከክኩ። እግሩን ጎትቼ ጣልኩትና ላዩ ላይ ወጣሁ። አፉ አፈር ሞልቶ እንኳ አላቆመም።

«በል! ቅድሚያ ለማን ነው?»

«ለትልቁ!» አልኩና ቡጢ አቀመስኩት። እጄን ነከሰኝ።

ለካ ግሪሳው ሁለቱም ማሳ ላይ ወርዷል። እናቴ እየሮጠች መጣችና ዱላውን ከእጄ ነጥቃ ሁለታችንንም እኩል አዳረሰችን። «እናንተንም ወፍ ይብላችሁ! እህሉን አስበላችሁት!» እየተራገመች ቅንድቤን በሻሿ አሰረችልኝ።

ቁስሉ ሳይሽር ፈተና ገባሁ። ጥያቄ ባነበብኩ ቁጥር ትከሻዬ፣ ጎኔ፣ ጭኔ እየተቀባበሉ መለሱልኝ። ከዚያ እሷ መጣች፤ አደባባይ። ምርጫ ሀ «ለከባድ ተሽከርካሪ» ይላል። እርሳሴ ወደ ሀ ሄደ። ይሄኔ ቅንድቤ ወጋኝ፣ ድንጋዩ እያፏጨ ሲመጣ ተሰማኝ፣ ጎንበስ አልኩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ፈታኙ።

«ወፍ ነው» አልኩትና «ቀድሞ ለገባው» የሚለውን አጠቆርኩ።

አለፍኩ። አጎቴ ቁልፉን ሲሰጠኝ ፊቴን አይቶ «ፈተናው ይማታል እንዴ?» አለ።

የመጀመሪያ ተሳፋሪዬ ያክስቴ ልጅ ነበር፤ ክርኑ ገና በደንብ አልተዘረጋም። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ከኋላ ጠጠር ማጅራቴን መታኝ።

«ለማን ነው?»

«ቆሜ የለ እንዴ፣ ሰውዬ!»

ቀድሞን የገባ የአህያ ጋሪ ነበር፤ ቀስ እያለ ይዞራል። ከኋላችን አንድ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ይነፋል። ይንፋ።