ወፍጮው ላይ የሰበርሁት ሽክና

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ሳያውቀው ሞተ። ለነፍስ አባቴ የሻርሁትን ጾም፥ ያማሁትን ጎረቤት፥ በንዴት የረገምሁትን በሬ ሳይቀር ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን አልተናገርሁም። አንተ የምታነብ ሰው አታውቀኝም፤ ለአንተ የደፈርሁት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በይፋግ ዙሪያ ስለ እኔ ብትጠይቅ "እኚያ ክፉ አሮጊት" ይሉሃል፤ ቀጥለውም "ፍርድ ግን አያጓድሉም" ይላሉ። እውነት ነው። ወንድማማቾች መሬት ሲካፈሉ ለታናሹ ጨፈቃው፥ ረግረጉ መሬት፥ ሲደርሰው ባይ፥ ገመዱን ከእጃቸው ነጥቄ እንደ ገና አስለክቻለሁ። አባቴ ደብተራ ነበር፤ ፊደል አስቆጥሮ ዳዊት እስክደግም አደረሰኝና "ለሴት ይበቃታል" ብሎ ሲተወኝ በእርሱም ላይ ጮኼአለሁ። ታዲያ ለሰው ሁሉ የምትጮኸውን አፌን ያን ቀን ምን ዘጋት? አልተዘጋችም እኮ! ምነው በተዘጋች ኖሮ። ተከፍታ ዋሸች።

ዘመኑ ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ የሚያሠሩበት ነው። ባሌ ከአገሩ ወንዶች ጋር መንገድ ሊጠርግ ተወሰደ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አለልኝን ከወለድሁ ሁለት ሳምንቴ ነበር። በጥቅምት ንዳድ ያዘኝ፤ ሲለቀኝ ጡቴ ደርቆ ነበር። የፍየል ወተት ብሰጠው መለሰው። ከጎረቤት ከሚያጠቡት አንዷ ወታደር ፈርታ ወደ እብናት ሸሽታለች፤ ሌላዋ መንታ ታቅፋ ለራሷም አልበቃ ብሏት ታለቅሳለች። ልጄ መጀመሪያ ጮኸ። በኋላ መጮኹን ተወ። የባሰው መተዉ ነው፤ የወለደች ታውቀዋለች።

ዘሃራ የመጣችው በዚያ ጠዋት ነው። ዘሃራ ወይጦ ናት። ወይጦዎች ጣና ዳር ወፍጮ እየጠረቡ፥ ጉማሬ እያደኑ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ያን ውሃ ከእኛ አያቶች በፊት ያወቁት እነርሱ ናቸው። እርሷም የደነዘ ወፍጮዬን ልትወቅርልኝ በየዓመቱ ትመጣ ነበር። በአገራችን ወይጦ ቤት አይገባም። ጉማሬ ስለሚበላ እርኩስ ነው ይባላል። ውሃ ቢጠይቅ በገል፥ በተሰበረ ገንቦ ቁራጭ ይሰጠዋል፤ በደህና ዕቃ ከጠጣ ዕቃው ይሰበራል። እኔም ለዘሃራ ስንት ዓመት በገል ውሃ ሰጥቻታለሁ። ፍርድ አያጓድሉም የምባለው እኔ! አንድ ቀን እንኳ "ለምን?" አላልሁም።

መውቀሪያዋን አስቀምጣ ጆሮዋን ወደ ቤት ጣለች። "እቴ፥ ልጅሽ እየሞተ ነው። አምጪው" አለችኝ። የእርሷ ልጅ በዚያው ወር ሞቶባት ጡቷ አጋቶ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ቆምሁ። ጉማሬው ከወተቷ ጋር ልጄ ሆድ ይገባል ብዬ አሰብሁ። ልጄ በእጄ ላይ እየቀዘቀዘ ይህን አሰብሁ! "ጡትሽን ታጠቢ" አልኋት፤ እጇን ሳልነካ ውሃ አፈሰስሁላት። ከት ብላ ሳቀች፤ "ጉማሬው ዘሎ እንዳይወጣ ነው? አይዞሽ፥ ዛሬስ ተኝቷል" አለችኝ።

ልጄ ጠባ። ሲውጥ የጉሮሮው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በጓሮ በኩል እየገባች ታጠባው ነበር። እንዴት ያለች ሴት ነበረች መሰለህ! ልጄን "አምባዛዬ" ትለዋለች። እኛ የማንበላውን ዓሣ! "ልጄን በአምባዛ ትጠሪዋለሽ?" ብዬ ስቆጣ "በዶሮ ልጥራው እንዴ? ዶሮ መዋኘት አታውቅም" ትለኛለች። እርሷ ስታጠባ እኔ ፀጉሯን እጎነጉንላት ጀመር። ከነካኋት በኋላ እጄን መታጠብ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተውሁ አላስታውስም።

አንድ ቀን የራሴን ሽክና፥ እኔ የምጠጣበትን ቅል፥ ውሃ ሞልቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ሳትጠጣ ቆየች።

"ትሰብሪዋለሽ?" አለችኝ።

"አልሰብረውም።"

ጠጣች። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። "ሲያድግ እናቴ ይበለኝ አልልም። የጡት ልጄ መሆኑን ግን ሰው ፊት ንገሪልኝ። አንድም ሰው ቢሆን።" የጡት ልጅ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም፤ ያጠባች እናት ናት፤ የጡት ልጅ ያላትን ሴት ማንም ከደጅ አያባርራትም። "በክርስትናው ቀን እነግርልሻለሁ፤ ነይ" ብዬ ማልሁላት። እኔ ነኝ የማልሁት። እኔ ነኝ የጠራኋት።

በአርባኛው ቀን ልጄ ተጠመቀ፤ ሰዉም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ግቢዬ ገባ። ዘሃራ ከአጥሩ ውጭ ትንሽ መሶብ ይዛ ቆማለች፤ ስንደዶውን ራሷ የሰፋችው። ልጄ ርቦት ሲያለቅስ የዘሃራ ቀሚስ ከደረቷ ላይ ረጠበ። ይህን ያየችው ዓይኗ አንዳች የማያመልጣት የባሌ እህት ናት።

"እናንተ ሰዎች! የዚች ወይጦ ልጅ ሞቶ የለም? ጡቷ ለማን ልጅ ነው የሚፈሰው?"

"ጉማሬ ክርስትና አነሣን በሉኛ!" አለ አንዱ፤ ግቢው በሳቅ ሞላ።

ሽማግሌው ቄስ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን ዝም አሰኙ። "ልጄ፥ ወደሽ ፈቅደሽ ነው ያጠባችልሽ? ንገሪን፤ ልጁ እንደሆነ ተጠምቋል፤ ምንም አይሆንም" አሉኝ።

ሰምተሃል? ምንም አይሆንም አሉኝ! በሩን ከፈቱልኝ። እኔ ግን "አልጠራኋትም፥ አባ። ንዳድ ጥሎኝ ሳልሰማ ገብታ ነው" አልሁ።

"ቤት ገብታለቻ! በምን ጠጣች?" አለች የባሌ እህት።

ገባሁ። ሽክናውን ይዤ ወጣሁ። ዘሃራ ራሷ በወቀረችው ወፍጮ ላይ መትቼ ሰበርሁት። ሴቶቹ እልል አሉ። "ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል" ይባላል፤ ያ ቅል በእርሷ አገር፥ በእርሷ ድንጋይ ላይ፥ በእኔ እጅ ተሰበረ።

ዘሃራ አልተራገመችም። ወይጦ ይራገማል እየተባልሁ ነው ያደግሁት፤ እርግማኗን ጠበቅሁ። እርሷ ግን "ልጁ ርቦታል። ከፀሐይ አስገቢው" ብቻ አለችኝ። መሶቡን ከአጥሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ ወጣቶቹ የወይጦዎችን ወፍጮ እያንከባለሉ ርብ ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ ሰዎቹንም አባረሯቸው። እኔ ጩኸቱን ቤቴ ተቀምጬ ሰማሁ። ልጄ ያን ሰሞን የፍየል ወተት አልመለሰም፤ ሆዱን አጽንታልኝ ነበር የሄደችው።

ልጄን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው አልልህም፤ እወስደዋለሁ ያለ ሰው አልነበረም። ልጅ ነበርሁ አልልህም፤ ዘሃራም ከእኔ አትበልጥም ነበር። እልልታውን ነው የፈለግሁት። ከሚስቁት ጋር መሆን ነው የፈለግሁት።

ዛሬ አለልኝ ጭቃ ሹም ነው፤ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሰው ያስታርቃል። ደግ ልጅ ነው፤ ሳቁን ከዘሃራ ጠብቶት ይሆናል እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወይጦ አቤት ሊል መጣ፤ ውሃ ለመነ። ልጄ በገል ሰጠው።

"በሽክና ስጠው!" ብዬ ጮኽሁ።

"እማዬ፥ ምን ሆኑ? ወይጦ እኮ ነው" አለኝና ሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ። እኔም ዝም አልሁ። ሁለተኛ ካድኋት።

ዘሃራ ሞታለች ብሎ ያ አቤት ባይ ወይጦ ነገረኝ። አንድም ሰው ቢሆን ብላኝ ነበር፤ ይኸው አንተ አንብበሃል። ግን አንተ አትበቃም። የማልሁት በይፋግ ሰው ፊት ልናገር ነበር። ነገ ዋርካው ሥር፥ አለልኝ ባለበት፥ ይህን ወረቀት ራሴ አነብበዋለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ አልጨርስም፤ ይቅር የምትለኝ እዚያ የለችም። ብቻ አንብቤ ስጨርስ ይጠማኛል። ያኔ ለዘሃራ ልጅ፥ ለአለልኝ፥ ውሃውን በገል እንዲሰጠኝ እነግረዋለሁ።